የእህቴን ደረት ራጅ ለማስነሳት ወልድያ የሄድንበት ሳምንት

ወልድያ ሩቅ አይደለም ይላሉ፣ መኪና ያላቸው ሰዎች። እኛ ግን ከግራና በላይ ካለው ሰፈራችን ተነስተን ወልድያ ለመግባት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብናል። ይህን የምጽፈው ወልድያን አይተው ለማያውቁ የሰፈሬ ሴቶች ነው። ብዙዎቹ ከመርሳ ገበያ አልፈው አያውቁም፤ እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ አልፌ አላውቅም ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢያነክስ አትፍረዱብኝ። ሰው ፊት ስናገር አፌ ይተሳሰራል። ስጽፍ ግን የሚያየኝ ስለሌለ ይቀለኛል።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ አባዬ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሰዓዳ። እናቴ አራስ ስለነበረች ቀረች። ሰዓዳ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ ግን ሳሉ ስለጠናባት ብዙውን ጊዜ ከመደብ ላይ አትነሳም ነበር። ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ መድኃኒቱን ወስዳ ጨርሳለች። ሳሉ ግን አልለቀቃትም። ኋላ ደም የነካው አክታ ትተፋ ጀመር፤ በግራ ጎኗ መተኛትም አቃታት። በመጨረሻ ነርሷ፣ "እኛ ከዚህ በላይ የምናይበት የለንም። ደረቷን ራጅ አስነሷት" አለችን። ራጅ ማለት የሰውን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው።

ሰኞ

ጤዛው ሳይረግፍ ወጣን። አባዬ ሰዓዳን በጀርባው አዘላት፤ እኔ የማሽላ ቂጣና ቆሎ በፌስታል ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ባሳለች ቁጥር አባዬ ይቆማል። እኛ ሰፈር ሰው የሚቆመው ሰላምታ ሲሰጥ ነው፤ አባዬ የዚያን ቀን ለሳል ሲቆም ዋለ።

ግራና ደርሰን ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ተጫዋች ነገር ነው። በመስታወቱ አየን አየንና፣ "አባቴ፣ ሙሽራይቱ የትኛዋ ናት? ለየትኛዋ ጥሩምባ ልንፋ?" አለ።

"እኔ አይደለሁም! እታለም ናት!" አለች ሰዓዳ። እታለም የምትለው እኔን ነው። እኔ ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። እሷ በሳቋ መሃል ሳል መጣባትና ሹፌሩም ጥሩምባውን ሳይነፋ ቀረ።

መርሳ ላይ ራጅ የሚያነሳ አንድ ክሊኒክ አለ ብለውን ነበር። አለ፤ ግን በሩ ተቆልፏል። ከጎኑ ፓፓያ የምትሸጥ ሴት፣ "ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ እንጃ" አለችን። ሰዓዳን አየችና አንድ ፓፓያ ሰንጥቃ ሰጠቻት። አባዬ እጁን ኪሱ ሲከት፣ "ኧረ ይተውት! የታመመ ልጅ የበላውን አልሸጥም" ብላ ተቆጣች። በእኛ በኩል ፓፓያ እንዲህ አይጣፍጥም፤ ውሃ ስለማያገኝ ነው መሰለኝ።

ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ አለ። እንደ ጭድ ተጠቅጥቀን ሄድን። ስሪንቃን ስናልፍ ሰዓዳ አስመለሳትና ያ ፓፓያ ሁሉ አጠገባችን ተቀምጠው በነበሩት ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ላይ ወጣ። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን ገልብጠው ለበሱና፣ "ጋቢ ነው፤ ውሃ ያየዋል። አንቺ ሆድሽ ቀለለሽ ወይ የኔ ልጅ?" አሏት። እስኪወርዱ ድረስ ራሷን ደግፈው ያዙላት።

ወልድያ ትልቅ ናት። ተራሮቹ ቅርብ ስለሆኑ ከተማዋ ጉድጓድ ውስጥ የፈሰሰች ትመስላለች። ባጃጁ እንደ ንብ ነው፤ መንገድ ለመሻገር አባዬ እጄን ያዘኝ፣ ልጅነቴ ካለፈ ወዲህ ይዞኝ አያውቅም።

ያደርነው እማማ ለተብርሃን ቤት ነው። እማማ ለተብርሃን ትውልዳቸው ከትግራይ ነው፣ እህል ይነግዳሉ፤ አባዬ ማሽላና ማሾ ሲያመጣ የሚያራግፈው እሳቸው ደጅ ነው። ሰዓዳን ሲያዩ ነጠላቸውን ጥለው ተቀበሏት። "ጓለይ! ጓለይ!" ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ አበላሉ አሳስቦኝ ነበር፤ እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም። እማማ ለተብርሃን ግን ከመደርደሪያው ላይ አንድ ድስትና ሦስት ሳህን አወረዱ። የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። "ይህ የእናንተ ነው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ከሐራ፣ ከግራና የሚመጡት እስላም ደንበኞቼ የሚበሉት በዚህ ነው" አሉ። ሽሮውን በዚያ ድስት ሠሩልን። የከተማ እንጀራ ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፤ የእኛ የማሽላ እንጀራ አንዱ የሚያጠግበውን እሱ በሦስት አያደርሰውም።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ሰው የግራናን ገበያ ያስንቃል። ልዩነቱ የሚጮህ የለም። ካርድ አውጥተን ራጅ ክፍል በር ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። አንድ እግሩን የሰበረ ሰው፣ "ይቺ መብራት የባለቤቴ ዘመድ ናት፤ ስትፈለግ ትሄዳለች" ሲል በር ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ግን ሲስቅ አመመው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኮሪደሩ ሙሉ "መጣ!" አለ።

ባለሙያው ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የሰዓዳን ልብስ አውልቄ ሳቆማት አንገቷ ላይ ያለውን ሂርዝ አየ። ሂርዝ በቆዳ የተሰፋ ቁርአን ነው፤ የእሷን ሼኹ በቆርቆሮ ቤት አድርገው ነበር የሰጡን።

"አባቴ፣ ይህ መውለቅ አለበት፤ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይሸፍናል።"

ሂርዙ ከተወለደች ጀምሮ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም።

"እርስዎ በእጅዎ ይያዙት፤ ከበሩ አጠገብ ይቁሙ። ከልጅቷ አይርቅም" አለው።

አባዬ ፈታው፤ በሁለት መዳፉ መሃል ይዞ ቆመ።

ቀጥሎ ትንፋሽሽን ያዢ አላት። መያዝ አልቻለችም፣ ሳለች። ፎቶው ተበላሸ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሳለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ፣ "እናንተ ጋ ወንዝ አለ?" አላት።

"አለ።"

"ስትጠልቂ አፍንጫሽን እንዴት ታደርጊዋለሽ? እስቲ አሳዪኝ።"

ሰዓዳ ጉንጮቿን ነፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ማሽኑ ጢክ አለ። "በቃ! ዋናተኛ ነሽ!" አላት። የዚያን ቀን ደስ ያላት እዚያች ላይ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፎቶውን መስኮቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። እኔም ከአባዬ ትከሻ በላይ አየሁ። ጎድን አጥንቶቿ እንደ ማበጠሪያ ተሰድረዋል። በግራ በኩል፣ ከልቧ ጎን፣ አንድ ክብ ነጭ ነገር አለ። ጠርዙ በእርሳስ የተሳለ ይመስላል።

"ልቧ ሁለት ነው እንዴ?" አለ አባዬ።

"አይ አባቴ፣ ልቧ ይሄኛው ነው። ይሄ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ነቀርሳ አይደለም፤ የትል በሽታ ነው።"

"ትል የሆድ አይደለም?"

"ይሄኛው በደም ሄዶ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ዓመታት ይፈጅበታል። በግ አላችሁ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አሉን።"

"ውሻስ?"

"የሚጠብቅ አለ፤ ቤት ግን አይገባም" አለ አባዬ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። ውሻ በእኛ ዘንድ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፣ ደጅ ነው የሚያድረው።

"በግ ስታርዱ ሳንባው ውስጥ ውሃ ያዘለ እብጠት አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"እንዴታ! በየጊዜው ነው። እሱ ግጦሽ የጠገበ በግ ነው፤ ውሃው የጥጋብ ነው ይባላል።"

"ያን ምን ታደርጉታላችሁ?"

"አይበላማ። ለውሻው ነው የምንጥለው።"

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ አባዬ አስጠጋ። ያ የጥጋብ ውሃ የምንለው ራሱ በሽታው መሆኑን ነገረን። ውሻው ሲበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ ዓይን የማያየው እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ፀጉሩ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ላይ ይቀራል። በግ በሣሩ ይወስደዋል። ልጅ ደግሞ በእጁ። ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፣ እኛን ሳይንቅ።

እኔ የሰዓዳን እጅ አየሁ። በግ በታረደ ቁጥር ያንን ሳንባ ለውሻው የምትወስደው እሷ ነበረች። ውሻው እጇን ይልስላታል። ከዚያ እየሮጠች መጥታ ከጥብሱ ትቀምሳለች። ይህን ለሐኪሙ ልነግረው ፈለግሁ፤ ድምፄ አልወጣም። ቢወጣም የሚለውጠው አልነበረም።

"በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብዙ ልጆች ድነዋል" አለ። "እዚህ ግን አይሠራም፣ ደሴ ነው። ነገ ሂዱ፣ አትዘግዩ። ከፈነዳ ነው ችግሩ። እንዳትወድቅ፣ ደረቷን ነገር እንዳይመታት። ዋግምት ምናምን የሚል ቢመጣ ማንም እንዳይነካት።"

አባዬ ራሱን አቀረቀረ። ለሚመጣው ሳምንት ደሟን በቀንድ የሚስበውን የግራናውን ዋጋሚ ቀጥሮት ነበር።

ረቡዕ

በማለዳ መናኸሪያ ሄድን። ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፣ መኪናዎቹ ግን ሞተራቸው ቀዝቃዛ ነው። "መንገድ ተዘግቷል" አሉን። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። በዚህ ዘመን መንገድ መዘጋት እንደ ዝናብ ነው፤ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ይጠብቃል።

"መቼ ይከፈታል?" አለ አባዬ።

"ሲከፈት ነዋ አባቴ" አለ አንዱ ሹፌር። ቀና ብሎ ሰዓዳን ሲያያት ግን ከመሪው ወረደ። "ቢከፈት መጀመሪያ የማወጣው እናንተን ነው። ስልክዎን ይስጡኝ" አለ።

ወደ እማማ ለተብርሃን ቤት ተመለስን። ጾም ስለነበር እሳቸው ምስር ሠርተዋል፤ በባለቀዩ ክር ድስት ለእኛም ከዚያው ቀዱልን። አባዬ ምንም አልበላም። አንዴ፣ "ወይ ቤታችን ብንመለስ?" አለ። እማማ ለተብርሃን፣ "በመርሳ በኩልስ መቼ ተከፈተ? ደግሞ ሐኪሙ ያለበትን ከተማ ጥለህ የት ነው የምትሄደው? እዚሁ ተቀመጥ!" ብለው ገሠጹት። አባዬን የሚገሥጽ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰዓዳ ከሰዓት በኋላ ፎቶዋን አምጪልኝ አለች። በሩ ላይ ወደ ብርሃን ያዝኩላት።

"እታለም፣ ይቺ እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"ፊቴስ?"

"ራጅ ፊት አያነሳም።"

"እና እኔ መሆኔን በምን አወቁ?" አለች። ስሟ ጥግ ላይ ተጽፎ አሳየኋት። ጣቷን አስኬደችበት፤ አነበበችው። ያን ክብ ነገር ግን አልጠየቀችኝም። አይታዋለች፤ ጣቷ እዚያ ሲደርስ ዞሮ አለፈ።

ሐሙስ

ጠዋት ደግመን መናኸሪያ ሄድን፣ ደግመን ተመለስን። ሰዓዳ ደህና ነበረች። ግቢው ውስጥ እማማ ለተብርሃን የማሾ ጆንያ ዘርግተው ጠጠር ሲለቅሙ አብራቸው ትለቅም ነበር። ድንገት አቀረቀረችና ሳለች። እንደ ወትሮው ሳል አልነበረም። ከአፏም ከአፍንጫዋም ውሃ ወጣ፣ ብዙ ንጹሕ ውሃ። በውሃው ውስጥ እንደ እንቁላል ውስጠኛው ሽፋን ያለ ነጭ ቅዳጅ ነበር።

"ጨው ጨው ይላል" አለች። ቀጥላም፣ "ቀለለኝ እታለም። ቀለለኝ" አለች።

"ወጣላት! ተመስገን!" ብለው እማማ ለተብርሃን እልል አሉ። አባዬ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ መሬት ላይ ተደፋ። እኔ ብቻ ነኝ የሐኪሙን ቃል ያስታወስኩት። "አባዬ፣ ፈንድቶ ነው! ከፈነዳ ብሎ ነበር!" አልኩ። ጮክ ብዬ ይሁን ቀስ ብዬ አላውቅም። አባዬ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ ማበጥ ጀምሯል፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ትንፋሿ ያፏጫል።

እማማ ለተብርሃን በባዶ እግራቸው መንገድ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። ሆስፒታሉ በር ላይ ያ ሐኪም ራሱ ነው ከአባዬ እጅ የተቀበላት፣ ይዟት ሮጠ። መርፌ ሰጧት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። መጀመሪያ ትንሽ ተሻላት፤ ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ፣ እጄን ያዘች። በኋላ እጇ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልያዘኝም። መግሪብ ሳይደርስ አለፈች። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆየ፤ ከዚያ ወጥቶ አባዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ደሴ ብትደርሱ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ተወው።

ዓርብ

መንገዱ ስላልተከፈተ ወደ ሰፈራችን ልንወስዳት አልቻልንም። እማማ ለተብርሃን ጎረቤታቸው ያሉትን እስላም ሴቶች ገና በማለዳ ጠርተው ነበር። ሴቶቹ አያውቁንም። ከፈኑን ይዘው መጡ፣ አጠቧት፣ ውሃውን እንዳፈስ ለእኔ ሰጡኝ። እማማ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሱ ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ሰገዱባት። መስጊዱ ሞልቶ እስከ መንገድ ድረስ ሰው ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን ይህን ያህል ሰው አይሰበሰብም። አባዬ ከቀብር ሲመለስ የነገረኝ ይህንን ብቻ ነው፦ "ብዙ ሰው ነው የሰገደባት።"

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። ያ ሹፌር ደወለ፤ እንደ ቃሉ መጀመሪያ እኛን። አባዬ ስልኩን ይዞ፣ "አይ፣ ቀርቷል፤ አላህ ይስጥህ" አለው። መናኸሪያ ስንደርስ፣ "ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው የቀረው!" ይላሉ። የመርሳው መኪና ከጎኑ ነበር።

መኪናው ውስጥ አባዬ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "ለእናትሽ የሳንባውን ነገር እንዳትነግሪያት። ሁልጊዜ ለውሻው ውሰጂ ብላ ለሰዓዳ የምትሰጣት እሷ ናት" አለኝ። እሺ አልኩ። እኔ አባዬን እምቢ ብዬ አላውቅም።

እናቴ ቀድማ ሰምታለች፤ ስልክ ከመኪና ይፈጥናል። ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ከኋላችን ትመለከት ነበር፣ ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል።

በሳምንቱ የሰዓዳ ሰደቃ ወጣ፣ በግ ታረደ። አጎቴ ሙሔ ሆድ ዕቃውን ሲዘረግፍ እኔ ውሃ ይዤ ከጎኑ ነበርኩ። ሳንባው ላይ አለ። ክብ፣ ነጭ፣ ልክ መስኮቱ ላይ እንዳየሁት። አጎቴ ቆረጠውና፣ "አይ ሰዓዳ፣ አንቺ ነበርሽ የምትወስጂለት" ብሎ ለመወርወር እጁን አነሳ።

"አትጣለው!"

ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ከማን እንደወጣ አልገባቸውም፤ እኔ እንዲህ ስጮህ ሰምተው አያውቁም። አባዬ ብቻ ነው መሬት መሬት የሚያየው።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለ አጎቴ።

እናቴ ድምፄን ሰምታ ሕፃኑን እንደታቀፈች ከቤት ወጣች። ሕፃኑ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ይጠባል። እሱን ሳይ ለአባዬ እሺ ያልኩት አላስቻለኝም። ሐኪሙ እንደነገረን፣ ከበጉ ጀምሬ እስከ ልጅ እጅ ድረስ ሁሉንም ነገርኳት። ሰው ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

"አንቺ አይተሽዋል? በፎቶው?"

"አይቻለሁ።"

"ይህን ያክላል?"

"ይበልጣል።"

አጎቴ እጅ ላይ ያለውን ነገር ቆማ አየችው። ሕፃኑን ለአክስቴ ሰጠችና ዶማ አመጣች። አጎቴ፣ "አምጪው፣ እኔ ልቆፍር" ሲላት፣ "ተወኝ" አለችው። ገና አራስ ናት፤ በየመሃሉ ወገቧን ይዛ ትቆም ነበር። ማንም ደግሞ ልርዳሽ አላላትም። ጉድጓዱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሲያስገባ ሳንባውን እታች ድረስ ራሷ አስቀመጠችው፣ አፈር መለሰችበት፣ ሁለት ድንጋይ ጫነችበት።

ከዚያ ሳሙና አምጪ አለችኝ። እጇን እስከ ክርኗ አጠበች፤ እኔንም፣ አጎቴንም አጠበችን። ሕፃኑን የተቀበለችው እጇ ከደረቀ በኋላ ነው።